ፔንታጎን የማዕድን ባለአክሲዮን ሲሆን፦ የማውንቴን ፓስ ጉዳይ

ጁላይ 10 ቀን 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ማለትም ፔንታጎን፣ ከአንድ የግል ማዕድን አውጪ ኩባንያ ጋር ውል መፈራረሙ ተሰማ። ኩባንያው ኤምፒ ማቴሪያልስ ይባላል፤ ማውንቴን ፓስ የተባለው የብርቅዬ ማዕድናት ማውጫ ባለቤት ነው። ፔንታጎን 400 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሊገዛ ተስማማ። ወደፊት በተወሰነ ዋጋ ተጨማሪ አክሲዮን የመግዛት መብትም ተሰጠው። ሁሉም ሲደመር ድርሻው 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚህም ጦሩ የኩባንያው ትልቁ ባለአክሲዮን ይሆናል ማለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦር መሣሪያ ይገዛል፣ ለምርምር ገንዘብ ይመድባል፣ አንዳንዴም ፋብሪካ ይደጉማል። የማዕድን ማውጫ ባለድርሻ ሆኖ ሲቀመጥ ማየት ግን እምብዛም አልተለመደም። ዜናው በወጣ ቀን የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ በግማሽ ያህል ወደ ላይ ተመነጠቀ። መገናኛ ብዙኃኑም 400 ሚሊዮኑ ላይ ተረባረቡ።

እኔ ግን ከውሉ ውስጥ ዋናው ነገር 400 ሚሊዮኑ አይመስለኝም። ዋናዋ 110 ዶላር የምትለዋ ቁጥር ናት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የማዕድን ማውጫውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ይህ ቦታ ሁለት ጊዜ ሞቶ የተነሣ ነው።

ሁለት ጊዜ የከሰረው ጉድጓድ

ማውንቴን ፓስ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞሃቪ በረሃ ላይ፣ ከኔቫዳ ድንበር አጠገብ ይገኛል። ከላስ ቬጋስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። በ1949 ዩራኒየም ፈላጊዎች የጨረር መለኪያቸውን ይዘው ሲዞሩ ነው ያገኙት። ዩራኒየም አልነበረም። ባስትኔሳይት የተባለ፣ ብርቅዬ የሚባሉትን ማዕድናት በብዛት የያዘ አለት ሆኖ ተገኘ።

“ብርቅዬ” የተባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስማቸውን አትመኑ፤ አብዛኞቹ ከመሬት ቅርፊት ውስጥ ሞልተዋል። ችግሩ አንድ ቦታ ተሰብስበው አለመገኘታቸው፣ ሲገኙም እርስ በርስ ተጣብቀው መምጣታቸው ነው። ማውንቴን ፓስን ልዩ ያደረገው አለቱ የያዘው መጠን ከፍተኛ መሆኑ ነው።

ሞሊኮርፕ የተባለው ኩባንያ በ1952 ማምረት ጀመረ። በ1960ዎቹ ባለቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ቀዩን ቀለም የሚያወጣው ዩሮፒየም ተፈላጊ ሆነ። ማውንቴን ፓስም ለአሥርት ዓመታት የዓለም ዋነኛ የብርቅዬ ማዕድናት ምንጭ ሆኖ ቆየ።

ከዚያ ቻይና መጣች። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በርካሽ እያመረተች ገበያውን ወሰደች። በማውንቴን ፓስ በኩል ደግሞ ቆሻሻ ውሃ የሚያስተላልፈው ቱቦ በተደጋጋሚ እየፈነዳ፣ ጨረር አመንጪ ቅሪት የያዘ ፍሳሽ በረሃው ላይ ፈሰሰ። ማዕድናቱን የሚለየው ፋብሪካ በ1998 ቆመ። ጉድጓዱም በ2002 ተዘጋ። የመጀመሪያው ሞት ይህ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ2010 ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን ኮታ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከጃፓን ጋር በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሰበብ ስትጋጭ፣ ወደ ጃፓን የሚሄደው ጭነት ተቋረጠ። ዋጋው ሰማይ ነካ። ሞሊኮርፕ በአዲስ ባለቤቶች ሥር አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮና አሰባስቦም አዲስ ፋብሪካ መገንባት ጀመረ። ሁሉም ሰው “የቻይና ጥገኝነት ሊያበቃ ነው” ይል ነበር።

ፋብሪካው ተሠርቶ ሳያልቅ ዋጋው ወረደ። ገዢዎች በጥቂቱ መጠቀም ለመዱ፣ ኮንትሮባንድ በዛ፣ የዓለም ንግድ ድርጅትም በ2014 ቻይና ላይ ፈረደ፤ ኮታው ተነሣ። ሞሊኮርፕ በጁን 2015 1.7 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ኪሳራ አወጀ። በ2017 ማውንቴን ፓስ በሐራጅ ሲሸጥ ያወጣው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ውሃ በላው።

የገዙት ሁለት የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅቶችና ሸንግሄ የተባለ የቻይና ኩባንያ ናቸው። ሸንግሄ የያዘው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር። ኤምፒ ማቴሪያልስ የተወለደው እንዲህ ነው። መሪው ጄምስ ሊቲንስኪ ከማዕድን ሳይሆን ከኢንቨስትመንት ዓለም የመጣ ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉድጓዱ በሁለቱም ጊዜ የተዘጋው ማዕድኑ ስላለቀ አይደለም። ማዕድኑ አሁንም ሞልቷል። የገደለው ዋጋ ነው።

መሀሉ የጠፋበት ሥራ

ኤምፒ ሥራ በጀመረበት ጊዜ አንድ አስቂኝ ነገር ነበር። አለቱን ካሊፎርኒያ ውስጥ ይቆፍራል፣ ይፈጫል፣ ጠቃሚውን ክፍል ለይቶ ያጠራቅማል። ከዚያ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ቻይና ይልከዋል። ገዢው ደግሞ ባለድርሻው ሸንግሄ ነው። ማዕድኑ እዚያ ተጣርቶ፣ ማግኔት ሆኖ፣ ምናልባትም የአሜሪካ መኪና ወይም ሚሳይል ውስጥ ገብቶ ይመለሳል።

ይህ የሆነው አሜሪካውያኑ ሰንፈው አይደለም። ከባዱ ሥራ መቆፈሩ ስላልሆነ ነው። ብርቅዬ ማዕድናት በኬሚካል ጠባያቸው እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት የተፈጨው ነገር በአሲድ ይሟሟል። ከዚያ ፈሳሹ በተደረደሩ ገንዳዎች ውስጥ ከዘይት መሰል ፈሳሽ ጋር እየተቀላቀለና እየተለየ ያልፋል። አንድ ገንዳ የሚለየው ትንሽ ነው። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገንዳዎች ያስፈልጋሉ። ሥራው ትዕግሥት፣ ርካሽ ኬሚካልና ለዓመታት የተካበተ የእጅ ልምድ ይጠይቃል። ቻይና ሦስቱም አሏት።

ከመለየቱ ቀጥሎ ብረት ማድረግ አለ። ከዚያ ማግኔት። ጠንካራው የኒዮዲሚየም ማግኔት የሚሠራው ከብርቅዬዎቹ ሁለቱ፣ ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ጋር ቀልጦ፣ እንደገና እጅግ ልሞ እስኪደቅ ተፈጭቶ ነው። ዱቄቱ በማግኔት ኃይል ውስጥ እንዳለ ይጨመቃል፤ ቅንጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞሩ ነው። ከዚያ በምድጃ ይጋገራል። ዱቄቱ አየር ከነካው ሊቀጣጠል ስለሚችል ሥራው ያለ ኦክስጅን ነው የሚከናወነው።

የሚገርመው፣ ይህንን ማግኔት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፈለሰፉት ሁለት ድርጅቶች አንዱ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ሌላው የጃፓኑ ሱሚቶሞ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የማግኔት ኩባንያውን በ1995 ቻይናውያን ላሉበት ቡድን ሸጠው። ፋብሪካዎቹም በኋላ ከአሜሪካ ወጡ። ዛሬ ከዓለም የዚህ ዓይነት ማግኔት ውስጥ ከ90 በመቶ ያላነሰው የሚሠራው ቻይና ነው።

ጦሩን የሚያሳስበውም ይህ መሀል ነው። አንድ የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን 418 ኪሎ ያህል ብርቅዬ ማዕድናት ይይዛል። የቨርጂኒያ ዓይነት ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ከ4 ቶን በላይ። በሴፕቴምበር 2022 ፔንታጎን የኤፍ-35 ርክክብን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ምክንያቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለች አንዲት ማግኔት ከቻይና በመጣ ቅይጥ መሠራቷ መታወቁ ነው። በኋላ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶ ርክክቡ ቀጠለ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረው?

ፔንታጎን ከዚያ በፊትም ዝም አላለም። በ2020 ለኤምፒ 9.6 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2022 ደግሞ 35 ሚሊዮን ዶላር ለማጣሪያ ሥራ ሰጥቶታል። ኤምፒም በ2023 ማጣራት ጀመረ፤ ፎርት ወርዝ፣ ቴክሳስ ውስጥም የማግኔት ፋብሪካ ሠራ። ግን በ2024 የሆነውን እዩ። ማውንቴን ፓስ ከ45,000 ቶን በላይ የተከማቸ ማዕድን አመረተ፤ ለራሱ ክብረ ወሰን ነበር። 1,300 ቶን ገደማ ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየምም አጣራ። በዚያው ዓመት 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰረ። ክብረ ወሰን እየሰበሩ መክሰር ማለት ይህ ነው። የእነዚህ የሁለቱ ዋጋ በ2022 መጀመሪያ በኪሎ 150 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በ2025 አጋማሽ ግን ወደ 60 ዶላር ወርዶ ነበር።

ኤፕሪል 2025

የቀረውን የንግድ ጦርነቱ አፈጠነው። ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ቻይና ሰባት ብርቅዬ ማዕድናት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ደነገገች። ለማግኔት የሚያስፈልጉት ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ሳማሪየምም አለበት፤ እሱ ደግሞ ለጦር መሣሪያ ማግኔት ዋና ነው። በሜይ ወር ፎርድ በማግኔት እጥረት የቺካጎ ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት ዘጋ። ኤምፒም በዚያው ሰሞን ቻይና የጣለችው ቀረጥ 125 በመቶ ሲደርስ ማዕድኑን ወደዚያ መላክ አቆመ። ዋና ገዢውን በፈቃዱ ተወ ማለት ነው።

ስለዚህ በ2025 ክረምት ላይ ሁለት የተቸገሩ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዱ ማዕድን አለው፣ ገበያ የለውም። ሌላው ገንዘብ አለው፣ ማግኔት የለውም።

ውሉ ምን ይላል?

የጁላይ ውል ብዙ ክፍሎች አሉት። አክሲዮኑን አይተናል፤ ወደ ተራ አክሲዮን የሚቀየርበት ዋጋ በአንድ አክሲዮን 30.03 ዶላር ነው። ከዚያ ሌላ ፔንታጎን ማውንቴን ፓስ ላይ “ከባድ” የሚባሉትን ብርቅዬ ማዕድናት (እንደ ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ያሉትን) ለመለየት 150 ሚሊዮን ዶላር ያበድራል። ኤምፒ ደግሞ “10ኤክስ” የተባለ ሁለተኛ የማግኔት ፋብሪካ ይሠራል። የኩባንያው ጠቅላላ የማግኔት አቅም በዓመት ወደ 10,000 ቶን ከፍ ይላል። ለግንባታው ጄፒ ሞርጋንና ጎልድማን ሳክስ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለማቅረብ ቃል ገብተዋል። ፋብሪካው ሥራ ይጀምራል ተብሎ የታቀደው በ2028 ነው።

አሁን ወደ 110 ዶላሯ እንምጣ።

ፔንታጎን ለአሥር ዓመት ለኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም በኪሎ የ110 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ ዋስትና ሰጠ። የገበያው ዋጋ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን በየሩብ ዓመቱ መንግሥት ይከፍላል። በስሌት እንየው። ገበያው 60 ዶላር ላይ ነው እንበል። ልዩነቱ 50 ዶላር ነው። ኤምፒ አንድ ሺህ ቶን ካመረተ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ኪሎ፣ መንግሥት 50 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። ምርቱ አምስት ሺህ ቶን ቢደርስ ሂሳቡ 250 ሚሊዮን ነው። በዓመት!

ዋጋው ከ110 በላይ ከወጣስ? 10ኤክስ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከ110 በላይ ካለው ብልጫ 30 በመቶው ለመንግሥት ነው። ልብ በሉ፣ ክፍያው ቀድሞ ነው የሚጀምረው። ድርሻው ግን ፋብሪካው ሥራ እስኪጀምር ይጠብቃል።

ይህም አልበቃም። ከ10ኤክስ የሚወጣው ማግኔት በሙሉ ለአሥር ዓመት ገዢ እንዲኖረው ፔንታጎን ዋስ ሆኗል። ፋብሪካው በዓመት ቢያንስ 140 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ (ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ተቀናሽ ሳይነሣለት) እንዲያገኝም ቃል ገብቷል። ከኪሳራ ጋር ያደገ ማዕድን አውጪ ይህንን ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

ለምን ዋጋ?

ፔንታጎን እዚህ ላይ በሽታውን በትክክል አውቆታል ብዬ አምናለሁ። የቀድሞው ዘዴ ትንንሽ ድጎማ ነበር። ድጎማ ፋብሪካ ያስገነባል። የተገነባ ፋብሪካ ግን የሚኖረው በሚሸጠው ነው። ሞሊኮርፕም ፋብሪካ ነበረው። የቻይና አምራቾች ምርት በጨመሩ ቁጥር ዋጋ ይወርዳል፣ ዋጋ ሲወርድ አሜሪካ ውስጥ ያለው ይዘጋል፣ እሱ ሲዘጋ ዋጋው ይመለሳል። ባንክም ይህን ስለሚያውቅ አያበድርም።

የዋጋው ዋስትና ይህን አዙሪት ሰበረው። ቻይና ዋጋውን ብትጥለውም ኤምፒ አይዘጋም። ጣለችው ማለት የአሜሪካን መንግሥት የበለጠ አስከፈለችው ማለት ብቻ ነው። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በአምስት ቀኑ አፕል ከኤምፒ ጋር የ500 ሚሊዮን ዶላር የማግኔት ስምምነት አስታወቀ። አክሲዮኑ በኦክቶበር ላይ ከ90 ዶላር በላይ ደረሰ። ፔንታጎን የተዋዋለው በ30 ዶላር ሒሳብ እንደነበር አስታውሱ። በወረቀት ላይ ጦሩ ጎበዝ ነጋዴ ሆኖ ወጣ።

ነገር ግን የሚከነክኑኝ ነገሮች አሉ።

ፔንታጎን በአንድ ጊዜ አራት ኮፍያ አድርጓል። ባለድርሻ ነው። አበዳሪ ነው። ገዢ ነው። የዋጋ ዋስም ነው። እንደ ገዢ ማግኔቱ እንዲረክስለት ይፈልጋል። እንደ ባለድርሻ ደግሞ እንዲወደድ። ሌላ ኩባንያ የተሻለ ማግኔት ይዞ ቢመጣ፣ 15 በመቶ ድርሻ ያለበትን ኩባንያ ትቶ ከሌላው ይገዛል? ወታደሩ ዕቃ የሚገዛባቸው ደንቦች ሻጭና ገዢ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብለው ነው የተጻፉት።

ሌላው፣ ዋስትናው የተሰጠው ለአንድ ኩባንያ ነው። ውሉ ሲፈረም ሌሎች አምራቾች ያንኑ ማዕድን በገበያ ዋጋ ነበር የሚሸጡት። የአውስትራሊያው ላይናስ ለምሳሌ ከቻይና ውጭ ካሉት ትልቁ አጣሪ ነው፤ ለዓመታትም ያለዚህ ዓይነት የዋጋ ዋስትና ሠርቷል። ለዘርፉ ሁሉ የሚሆን ዋጋ ቢወጣ ኖሮ አሸናፊውን ውድድሩ ይመርጠው ነበር። አሁን የመረጠው ፔንታጎን ነው። እርግጥ ኤምፒ የሚሠራ ጉድጓድ፣ ማጣሪያና ማግኔት ፋብሪካ አንድ ላይ የያዘ ብቸኛው የአሜሪካ ድርጅት ስለነበር ምርጫው ሰፊ አልነበረም። ያም ቢሆን የተደረገው ያለ ጨረታ ነው።

ገንዘቡም አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቀው በየዓመቱ ነው። የተገባው ቃል ግን የአሥር ዓመት ነው። በመሀል ቢያንስ ሁለት የፕሬዚዳንት ምርጫ ይካሄዳል። ዋጋው ወርዶ የከረመ እንደሆነ፣ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች ለአንድ የግል ኩባንያ የሚከፈልበትን ምክንያት አንድ የምክር ቤት አባል ለመራጮቹ ማስረዳት ይኖርበታል። በዋጋ ንረት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

የከባዶቹ ጣጣ

ከሁሉ የሚብሰው የጂኦሎጂ ጉዳይ ነው፤ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። የማውንቴን ፓስ አለት በቀላሎቹ ብርቅዬ ማዕድናት የበለጸገ ነው። ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ግን እምብዛም የሉበትም። እነዚህ ሁለቱ ማግኔቱ ሲግል ኃይሉን እንዳያጣ የሚጠብቁ ናቸው። ስልክ ውስጥ ያለ ማግኔት ያን ያህል አይግልም። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ግን ይግላል፤ የሚሳይል መሪ ሞተርም እንዲሁ። ጦሩ አጥብቆ የሚፈልጋቸው ማግኔቶች ከባዶቹን የሚጠይቁት ናቸው።

ታዲያ 150 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የሚሠራው ማጣሪያ ምን ያጣራል? ከራሱ አለት የሚገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ጥሬ ዕቃና አሮጌ ማግኔት ያስፈልገዋል። የአፕል ስምምነት በአሮጌ ዕቃ ላይ የተመሠረተው ያለምክንያት አይደለም። በኖቬምበር 2025 ኤምፒና ፔንታጎን “ማደን” ከተባለው የሳዑዲ ማዕድን ኩባንያ ጋር ሳዑዲ ውስጥ ማጣሪያ ለማቋቋም የተስማሙትም ይህን ክፍተት ከግምት አስገብተው ይመስለኛል። በዚያ ስምምነት የኤምፒንና የፔንታጎንን ድርሻ ማለትም እስከ 49 በመቶ በገንዘብ የሚደግፈው ፔንታጎን ነው። “የአገር ውስጥ አቅርቦት” ተብሎ የተጀመረው ነገር በአራት ወሩ ባሕር ተሻገረ።

የጁላዩ ውል ከዚያ ወዲህ እንደ ሞዴል ተወስዷል። በኦክቶበር 2025 ፔንታጎን አላስካ ውስጥ መዳብና ሌሎች ማዕድናት በሚፈልገው ትሪሎጂ ሜታልስ ውስጥ በ35.6 ሚሊዮን ዶላር 10 በመቶ ድርሻ ለመያዝ ተስማማ። በኖቬምበር ደግሞ ቩልካን ኤለመንትስ ለተባለ አዲስ ማግኔት አምራች 620 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። አክሲዮንና ብድር በሽ በሽ ሆኗል። በኪሎ ይህን ያህል ዋጋ ብሎ ለአሥር ዓመት ዋስ መሆን ግን በእነዚህ ውሎች ውስጥ የለም። አንዱ ውል ብቻውን ያን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ካወቁ በኋላ፣ ደግመው ለመፈረም የሚቸኩሉ አይመስልም።

ቻይናም በበኩሏ በኦክቶበር 9 ቁጥጥሩን አስፍታ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ትራምፕና ሺ ጂንፒንግ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተገናኝተው አዲሱ ቁጥጥር ለአንድ ዓመት እንዲቆም ተስማሙ። የኤፕሪሉ የፈቃድ ሥርዓት ግን በዚያ ስምምነት አልተሻረም። ዲስፕሮሲየም የሚፈልግ ማግኔት አምራች አሁንም ቤጂንግ የፈቃድ ማመልከቻ ያስገባል። 10ኤክስ እስኪከፈት ገና ዓመታት ይቀራሉ። የዋጋው ዋስትና ግን ከ2025 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ጀምሮ መቁጠር ጀምሯል።